በስምህ ቦታ ጭረት

መርሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሚር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ካለህበት ይጠብቅህ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ በማንም አላስጻፍኩም። ፊደል የቆጠርኩት አንተ ከሄድክ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። መጀመሪያ የለመድኩት ያንተን ስም መጻፍ ነበር። ደብዳቤህ ሲመጣ ሰው ሳላስቸግር አነበዋለሁ ብዬ ነበር። የማነበው አልመጣም።

የጎረቤታችን የዓቢዳ ልጅ ፈይሩዝ ቅዳሜ ወደ ጅዳ ትበራለች። አድራሻህን ስለማላውቅ፣ ከመርሳና ከግራና የሄዱትን ልጆች ሁሉ እየጠየቀች እንደምታደርስልኝ ቃል ገብታለች።

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል። የግራናውን ቤት ሸጬ ለመንገድህ ከሰጠሁህ ወዲህ አራት ቤት ቀይሬያለሁ። አሁን ያለሁት በአዳነ የጓሮ ክፍል ነው። አዳነ የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሽንኩርት በደረሰ ቁጥር ክፍሏን በዓይኑ ይለካታል። ባለፈው “እማማ አሲያ፣ ሽንኩርት እኮ ኪራይ አያጓትትም” አለኝ። “እሱ ይበሰብሳል፣ እኔ እስካሁን አልበሰበስኩም” አልኩት። ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ግን ክፍሏን በወሩ መጨረሻ እንድለቅለት ነገረኝ።

አምና መንግሥት ለረጅም ጊዜ ቤት ላጡና ጧሪ ለሌላቸው የቤት ኪራይ ሊደጉም ነው ተብሎ ቀበሌ ሄደን ተመዘገብን። ሌሎቹ በአፋቸው ሲናገሩ ጸሐፊዋ ህሊና ትሞላላቸዋለች፤ እነሱ አሻራቸውን ያኖራሉ። እኔ ኮራሁ። ራሴ እሞላዋለሁ ብዬ ቅጹን ተቀበልኳት። “በሕይወት ያለ ልጅ ስም” የሚል መስመር ነበረው። አሚር ብዬ ጻፍኩ። ከቅጹ ሁሉ አምሮ የተጻፈው እሱ ነበር።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜን ከተከለከሉት ጋር አነበብኩት። ጧሪ ልጅ አላት ተብሏል። ጎረቤቴ እልፍነሽ፣ ልጇ ወልድያ ባጃጅ እየነዳ፣ ልጅ የለኝም ብላ አሻራዋን አኑራ ተፈቀደላት። ዓመቱን ሙሉ “አንቺ የተማርሽው” እያለች ቀለደችብኝ። ሲያመኝ ውሃ የምታቀብለኝም እሷው ናት፤ ምን ልበላት።

አቤቱታ ብዬ ተመልሼ ሄድኩ። ድምፅህን ከሰማሁ አራት ዓመት እንደሆነኝ፣ ስልክህም እንደማይጠራ ለህሊና ነገርኳት። “ታዲያ ሞቷል ልበል፣ እማማ?” አለችኝ። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ቅጹ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀችኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ዘንድሮ ምዝገባው እንደገና ተከፈተ። የመጨረሻው ቀን ትናንት ነበር። ሄድኩ። ህሊና አምና የጻፍኩትን አልረሳችም፤ ቅጹን ስትሰጠኝ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ “ልጅ ከሌለዎት እዚህ ጋ ጭረት ያድርጉ” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። መስመሩን ደጋግሜ አነበብኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። ሸኝታኝ የመጣችው እልፍነሽ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ “አሲያዬ፣ ወረቀት ሰው አይገድልም” አለችኝ። በዚያ ሰዓት አልቀለደችም።

ጭረቷን አደረግሁ። ከጥፍሬ አትበልጥም። ከታች ስሜን ጽፌ ፈረምኩና ወጣሁ። አዳነ የቀበሌውን ማስረጃ ካየ ሽንኩርቱን ሌላ ቦታ እንደሚያኖር ነግሮኛል።

ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ። አሚር ሞቷል ሲባል ብትሰማ፣ ያልኩት እኔ ነኝ። ተቀይሜሃለሁ፣ አልዋሽህም። ቤቴን ሰጥቼህ አንድ ቃል ነፈግከኝ። ዱዓዬን ግን አልቀየርኩም። ትናንትም ከቀበሌ ተመልሼ ስሰግድ ያልኩት “ጠብቅልኝ” ነው፤ “ማርልኝ” አላልኩም።

አንድ ነገር ልጨምር። በቅጹ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አለ፤ ሌሎቹ አላነበቡትም፣ እኔ አንብቤዋለሁ። ጧሪ ልጅ የተገኘ ዕለት ድጎማው ይቋረጣል ይላል።

መጥተህ አስቋርጠው።

አላህ እግርህን ወደ አገርህ ያቅናልኝ፤ የሰው እጅ አያሳይህ።

እናትህ አሲያ