ኬሻ ሙሉ መጽሐፍ የቀበርኩ ሰሞን

ሰኞ

አጃኢብ ነው! መጽሐፍ እመሬት! ምንጣፍ አንጥፈው፣ መጽሐፉን ዘርግተው፣ ልጆቹ በሆዳቸው ተኝተው እግራቸውን ወደ ላይ ያወዛውዛሉ። በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።

የወሰደችኝ ዘይነብ ናት፤ የልጄ ልጅ፣ ስድስተኛ ክፍል። «ና አባባ፣ የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት እይ» ብላ ጎተተችኝ። ይኸንን የምትጽፈውም እሷ ናት። እኔ ይማም ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። በሬ ጠምጄ ልጆች አሳድጌያለሁ። እኔ እላለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እንዳልኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

አንድ ፍሬ ልጅ ለአንደኛ ክፍሎች ያነብላቸዋል። ጅቡ ዘንድ ሲደርስ እንደ ጅብ ይጮሃል፣ እነሱ ይንጫጫሉ። እኛ መስጊድ ኪታብ ሲቀራ ትንፋሻችንን ውጠን ነው ያደግን። አንዲቱ ደግሞ የሰው ሳንባ የተሳለበትን ገልጣ የራሷን ደረት ትዳብሳለች። ሌላዋ ካርታ ላይ በጣቷ አገራችንን ከሚሴን ትፈልጋለች፤ አጥታ ተናደደች። እኔም ተናደድኩ። ከሚሴ እንዴት ይጠፋል?

የባሰው በሩ ሥር ያለው ኬሻ ነው። የተገነጣጠለ መጽሐፍ ሞልቶታል፤ የኦሮምኛ ቁቤውም የአማርኛውም፣ ሽፋኑ የወለቀ፣ ሆዱ የተዘረገፈ። ዘበኛውን ዑመርን «ይኸ ምንድን ነው?» አልኩት። «የተቀዳደደ ነዋ፣ አያ ይማም» አለኝና ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጁን አወናጨፈ። አስተማሪዋን ሀያትን አልጠየቅኩም። ልጅ እግር ናት። ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?

የገባኝ ገባኝ። ወይ ያቃጥሉታል፣ ወይ ገበያ ወርዶ ስኳር ይጠቀለልበታል። እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ማክሰኞ

ዛሬ አንድ ኸይር ሥራ ሠራሁ። ምን እንደሆነ ለዘይነብም አልነግራትም። ሰደቃ ሲወራ አጅሩ፣ ምንዳው ይቀላል። ነዘነዘችኝ። «ዝም ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

ወገቤን አሞኛል። ልቤን ግን ደስ ብሎታል።

ከዐስር ሶላት በኋላ ዝናብ ወረደ። የበልግ ዝናብ፣ በጨፋ በኩል ጠቁሮ መጥቶ። አልሃምዱሊላህ፣ ለማሽላው ነው።

ረቡዕ

ጨፋ ሮቢት ገበያ ልወርድ ነበር። ቀረሁ። እግሬ እምቢ አለኝ።

ዘይነብ እያለቀሰች መጣች። ኬሻው ጠፋ። «የምን ኬሻ?» አልኳት፣ እያወቅኩ። «የታመሙት መጻሕፍት ያሉበት!» አለችኝ። የታመሙት! ለካ ሐሙስ ሐሙስ ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና የተቀደደውን በመርፌና በክር ይሰፉታል፣ በዱቄት ሙጫ ያጣብቁታል፣ ከካርቶን ሽፋን ይቆርጡለታል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ በሽተኛ አለው። የዘይነብ ሽፋኑ የወለቀ የእንስሳት መጽሐፍ ነው፤ ግማሹን ሰፍታ ነበር።

ወላሂ ጆሮዬ ጮኸ።

ገና አልጨረሰችም። ዳይሬክተሩ ዑመርን ጠርቶ «ሸጠኸዋል። እስከ ዓርብ ካልመለስክ ሥራህን ታስረክባለህ» ብሎታል። ልጆች ፊት! ዑመርን! እኔና እሱ አንድ መስጊድ፣ አንድ ሰፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ የምንቆም ነን። ሰው እንጀራውን ሲነጠቅ ዝም ብዬ ላይ?

«እስኪብርቶሽን አስቀምጪ» አልኳት። ነገርኳት።

ዓይኗ ፈጠጠ። «ቀበርካቸው?»

«አዎ።»

«አባባ! ታመው ነው እንጂ አልሞቱም እኮ!»

አሁን አንሺና ጻፊ አልኳት። ይጻፍ። ትናንት ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ዑመርም ለዙሁር ውዱእ ሊያደርግ ዞር ሲል፣ ኬሻውን ባህያ ጭኜ ወደ ቀብሩ ቦታ ወሰድኩት። ከአባቴ ራስጌ ቆፈርኩ። አባቴ ያረጀ የቁርኣን ገጽ አይጣልም፣ ሰው በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል ይል ነበር፤ ሲያደርግም አይቼዋለሁ። እኔ ማንበብ አልችል፣ የተጻፈ ሁሉ ለኔ አንድ ነው። ለከፈኔ ብዬ ባስቀመጥኩት አቡጄዲ ጠቀለልኩት። ከዚያ ፋቲሃ ቀራሁ። አስተግፊሩላህ፣ ለጅቡ ተረት ፋቲሃ!

ዘይነብ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የትናንቱ ዝናብ ነው የታየኝ።

ቆፍሬ አውጥቼ ድምፄን ሳላሰማ በሩ ላይ ልጣለው? አሰብኩበት። አልዋሽም። «ታዲያ ዑመር የሰረቀውን መለሰ አይሉም?» አለችኝ። ይችን ማን አስተማራት?

ሐሙስ

ሄድኩ። ጥምጣሜን አስተካክዬ፣ ዱላዬን ይዤ፣ እቤተ መጻሕፍቱ መሐል ቆምኩ። ዳይሬክተሩ አለ፣ ሀያት አለች፣ ልጆቹ ክብ ሠርተው ባዶ እጃቸውን ተቀምጠዋል። ዑመር በሩ ላይ ነው። በአንድ ሌሊት ያረጀ መስሏል።

«ሌባው ዑመር አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የወሰድኩት። እኔም ሌባ አይደለሁም። ቀብሬው ነው።»

የቀበርኩበትን ምክንያት አስረዳሁ። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ሚጢጢ «ገንዘሃቸዋል?» አለችኝ። «ገንዣቸዋለሁ» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሀያት በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ዳይሬክተሩ ብቻ አልሳቀም።

«አባባ፣ ምነው ቢጠይቁ?» አለኝ።

«ማንን?»

«ሀያት እዚሁ ነበረች።»

ሰው ፊት ወደ ሀያት ዞሬ «አውፍ በይኝ ልጄ» አልኳት። «እርስዎማ አክብረዋቸው ነው» አለችኝ። በሰደበችኝ ይሻል ነበር።

ዳይሬክተሩም ዑመርን ይቅርታ ጠየቀ፤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስትሰድበው በጩኸት ነበር አሉ፤ አሁንም ጩኽ!» አልኩት። ጮኾ ደገመው።

ከዚያ ወደ ቀብሩ ቦታ። ዑመር ዶማውን ከእጄ ነጥቆ ራሱ ቆፈረ። ልጆቹ አጥሩ ጋ ቆመው ያያሉ። አቡጄዲው ውኃ ጠጥቶ ወጣ። የላዮቹ አብጠዋል፣ የመሐሎቹ ርሰዋል፣ የታችኞቹ ደረቅ ናቸው። ያ ረቢ፣ ደረቅ!

ልጆቹ ሲሠሩ ያየሁት ግን አስደነገጠኝ። በረንዳው ላይ አሰጧቸው፤ ቅጠል በቅጠል እየለዩ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር እየጫኑ። ማንም አላዘዛቸውም። እርጥቡን ገጽ የሕፃን ዓይን እንደሚጠርግ ሰው በጣታቸው ጫፍ ይይዙታል። እኔ ሰኞ ለት መጽሐፍ አያከብሩም ያልኳቸው እነዚህን ነው።

የጅቡ መጽሐፍ አልተረፈም። ተጣብቆ ቡኮ ሆኗል። ያ ሲጮህ የነበረው ልጅ ገለበጠው፣ አየው። «በቃሌ አውቀዋለሁ» አለ። ወረቀት አወጣና ቁጭ ብሎ ይጽፍ ገባ! ተስለው የነበሩት ሥዕሎች ብቻ ከበዱት፤ ጅቡ ውሻ መሰለ። ሱብሃነላህ! መጽሐፍ ከትልቅ ዓሊም ወይ ከሩቅ አገር የሚመጣ ነበር የሚመስለኝ። አፍንጫው የሚዝረበረብ ልጅ እመሬት ተቀምጦ ሲጽፈው አየሁ። እስካሁን አልለቀቀኝም።

ዓርብ

ዑመር ሥራው ላይ ነው። ያ አለቀ። እኔንና እሱን ግን አላህ ያውቃል።

ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር አለፍኩ። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ» አልኩት። ፊቱን አዞረ። አላህ ያሳይህ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰላምታዬ አየር ላይ ቀረ! መመለስ ይገባኛል ብዬ አይደለም። ግን አመመኝ።

ለጁምዓ ሄድኩ። ሰፉ ላይ ከጎኔ አልቆመም። የኢማሙ ኹጥባ አልገባኝም፤ ሐሳቤ ኋላ፣ እሱ ጋ ነበር።

ስንወጣ ጫማዬን ሳጠልቅ አንድ ሰው ከላይ ቆመ። እሱ ነው።

«አያ ይማም።»

«አቤት።»

«አንድ ሌሊት ሙሉ ሚስቴ ፊት ሌባ ሆኜ አደርኩ።»

«አውቃለሁ። አጥፍቻለሁ።»

ጎንበስ ብሎ ሌላኛውን ጫማዬን አቀበለኝ።

«አንድ ነገር ግን ማልልኝ» አለ። «እኔ የታመምኩ ለት ድርሽ እንዳትል። ሳልሞት ትቀብረኛለህ።»

ይቀልድ ይቆጣ ፊቱ አያስታውቅም። ሰዎቹ ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ግን አብረን ሄድን።