የአደራዋ ላም

ለውድ ወንድሜ ዳና፤

ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ። የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔና ልጆቼ ደህና ነን። ሶዶ ዝናቡ ገብቷል፤ የዳሞታ ተራራም ከጠዋት እስከ ማታ ጉም ለብሶ ይውላል።

ዘንድሮ አራተኛ ክፍሎችን የማስተምረው ችግር እየሰጠኋቸው፣ ራሳቸው ተከራክረው መፍትሔ እንዲፈልጉለት ነው። ዛሬ «የሩቅ ሰው ላም በአደራ ይዛችኋል። መብላት ብታቆም ትነግሩታላችሁ ወይስ እስክትድን ትጠብቃላችሁ?» አልኳቸው። አብዛኞቹ «እዚያ ሆኖ ምን ያደርጋል? መጨነቅ ብቻ ነው፤ እንጠብቅ» አሉ። ብሩክታይት የምትባል ዝምተኛ ልጅ ግን ተነሥታ «ላሚቱ የሱ ናት። መጨነቁም የሱ ነው፤ ለምን እንቀማዋለን?» አለች። ቀጥላም «ቲቸር፣ እርስዎ ቢሆኑስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ስትደውል እንዴት እንደምትስቅልህ ታውቃለህ፤ ስልኩ ሲዘጋ ጋደም ትላለች። የምትወደውን የቡላ ገንፎ ብሠራላት ሁለቴ ቀምሳ «ለልጆቹ ስጪ» አለችኝ። «ዳናን ከሥራው እንዳታናጥቢው» ትለኛለች፤ ስንደዋወልም ከአጠገቤ አትርቅም። ይህን በሰው የላክሁልህ ለዚያ ነው።

ለጊፋታ በዓል እመጣለሁ ብለህ ነበር። ፈቃድ ካገኘህ ግን በዓሉን አትጠብቅ።

ነገ ብሩክታይት ስትጠይቀኝ «ጽፌለታለሁ» እላታለሁ።

ጌታ ፊትህን ቶሎ ያሳየን።

እህትህ ሰገነት