ለጋብቻችን አልነሳ ስላለው ኮምፒውተር

ለተከበሩ የወረዳችን የጋብቻ ምዝገባ ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ጥግ ላይ ከተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተርዎ ጋር እንደምን ሰነበቱ? እኛ፣ ትዕግሥት ያስተማረን ጽሕፈት ቤትዎ ይመስገንና፣ ደኅና ነን።

ባለፈው ወር እኔና ቂርቆስ የተባለው እጮኛዬ ልንፈራረም በመጣን ጊዜ፣ አባቱ አቶ ኃይለኪሮስ ምስክር ሊሆኑልን ከየካ አባዶ በሚኒባስ ተጋፍተው ደርሰው ነበር። በማግስቱ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ስለሚገቡ፣ «ከመተኛቴ በፊት ፊርማችሁን ልይ» ብለውናል። ይህን ስናስረዳዎ «ኮምፒውተሩ አልነሳም ብሏል፤ ሌላ ቀን ኑ» በማለት ስለለገሱን አባታዊ ምክር ሳላመሰግን አላልፍም። የቀሩት ምስጋናዎቼ እነሆ፦

አንደኛ፣ ኮምፒውተሩን ለማስነሳት ስላሳዩት ርኅራኄ። ጎኑን በጥፊ መቱት፤ ሽፋኑን ከፍተው እፍ ሲሉት አቧራው ነጭ ቀሚሴ ላይ አረፈ፤ ሜሞሪውን ነቅለው በላጲስ አሽተው መለሱት። እሱ ግን ጥቁሩ ስክሪን ላይ ያችኑ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ከመጻፍ በቀር ንቅንቅ አላለም።

ሁለተኛ፣ ለጊዜው በእጅ እንዲመዘግቡን ስንለምንዎ «መመሪያው አይፈቅድም» ብለው ለሕግ ስላሳዩት ታማኝነት። አቶ ኃይለኪሮስ ያን ጊዜ ደረታቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ የእንግዳው ወንበር በክቡርነትዎ ጃኬት ተይዟልና።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ። ሚዜዬ አስመረት ጎንበስ ብላ ጽሑፉን አነበበችና «ይሄ እኮ በራሱ ዲስክ ፈንታ ከተሰካበት ፍላሽ ላይ ልነሳ እያለ ነው! ፍላሹ የማነው?» ስትል፣ ነቅለው ኪስዎ ሲከቱት ዓይናችን እንኳ አልደረሰበትም።

ኮምፒውተሩ ወዲያው ተነሳ። አቶ ኃይለኪሮስ ፈረሙ። ቂርቆስ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቆ አሁን ቤታቸው እያገገሙ ናቸው። ስለ ክቡርነትዎ በተነሳ ቁጥር «ልቤ ያንን ቢሮ ከቻለ ሐኪም ምን ያደርገዋል ብዬ ነው ተኝቼ የተቀደድኩት» ይላሉ።

ክቡርነትዎ ባሉበት፣ እርስዎ እያሉም እንኳ፣ ለመዳር የበቃሁት
አክባሪዎ ዘርፌ፣ ከቦሌ

ማስታወሻ፦ የምስክር ወረቀታችንን ልንወስድ ስንመለስ፣ በርዎ ላይ «ዛሬ ሲስተም የለም» የሚል ማስታወቂያ በላሚኔሽን ታሽጎ ተለጥፎ አየን። ዝናብና ፀሐይ እንዳይጎዳው ስላሰቡለት እናመሰግናለን፤ «ዛሬ» የምትለዋ ቃል ግን ያለ ሥራዋ ቦታ አጣበበች።