ዜማው ያልተቀበለው

ሰኞ

ዛሬም ብቻዬን ለመንሁ። የቆሎ ተማሪ ለልመና ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ከእኔ ጋር የሚወጣ ግን ጠፋ። አብረውኝ ዜማ የሚማሩት ልጆች ቁራሽ ፍለጋ ወደ ሰንጋ ተራ ይወርዱና ወሬ ይዘው ይመለሳሉ። አርበኞች እዚህ ደረሱ፣ ጣልያን እዚያ ተመታ። እውነቱን ልጻፍ፤ ወሬው አይጥመኝም። የሚጥመኝ ከበሮ ነው።

የተማሪው ሁሉ አውራ ክንፈ ደግሞ ወደ እኔ እያየ፣ "ዝም የሚል ሰው ጆሮ ጠቢ ነው" አለ።

ማክሰኞ

የባሰ አታምጣ! ክንፈ ለየኔታ፣ "በንግሡ ከበሮውን ሌላ ሰው ይምታ" ብሎ ነገራቸው። ሐሙስ ግንቦት ልደታ ነው፤ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቀን። ከበሮውን ከተነጠቅሁ ከጎጆውም መባረሬ አይቀርም። ባንዳ የተባለን ልጅ ማን አጠገቡ ያስተኛል?

የኔታ፣ "እሱ ይመታል" አሉ። አበቃ። በደስታ ልጮህ ነበር።

ረቡዕ፣ ዋዜማ

አንድ አስተርጓሚ መጣ። ነገ የጣልያን ሹም ንግሡ ላይ ይገኛል፤ በወረቡ መጨረሻ ንጉሣቸውን የሚያወድስ ቃል ጨምሩ ተባልን። ቃሉን የገጠመው ራሱ አስተርጓሚው ነው። የኔታ መሬት መሬት እያዩ "እሺ" አሉ። እምቢ ቢሉ ምን እንደሚከተል የማያውቅ የለም።

እኔ ቃሉን በከበሮ ሞከርሁት። ያነክሳል፤ ምቱ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ስሞክር ክንፈ አየኝና ምራቁን ጢቅ አደረገ። በቃ፣ ጉዴ ፈላ።

ሐሙስ፣ ልደታ

ከንግሡ እንደተመለስሁ ነው የምጽፈው።

ታቦቱ ወጥቶ ቆሟል። ከአብነት ሰፈርም ከተክለ ሃይማኖትም የመጣው ሕዝብ ግቢውን ሞልቶታል። ሹሙ ከፊት ተቀምጧል። ወረቡ ሞቀ፣ ደመቀ፤ ያ ቃል ደረሰ። መሪው ጀመረው። ዜማው ተሰበረ። እጄ እምቢ አለኝ፤ አቆምሁ።

ከበሮ ሲቆም ጸናጽሉም ጭብጨባውም ቆመ። መሪው ብቻውን ቀረ፤ እሱም ዝም አለ። አስተርጓሚው አፈጠጠብኝ። ምን ይዋጠኝ? የማውቀውን መታሁ፤ የልደታን ወረብ፣ ከመጀመሪያው። ክንፈ ዘሎ ዜማውን ተቀበለኝ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ግቢው ቀውጢ ሆነ። ሹሙም ሥርዓቱ መስሎት አጨበጨበ! አስተርጓሚው በላብ ተጠምቆ አብሮ አጨበጨበ።

ልጆቹ ተሸከሙኝ።

"ለካ አንተ የውስጥ አርበኛ ኖረሃል!" አለኝ ክንፈ።

"ኧረ ዜማው አልቀበል ብሎኝ ነው" ብዬ ብነግረው፣ "አያችሁ? ምስጢር አያወጣም!" ብሎ አቀፈኝ። ትናንት ያስጠረጠረኝ ዝምታ ዛሬ አስከበረኝ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ዓርብ

የኔታ ጠርተው ለምን እንዳቆምሁ ጠየቁኝ።

"ዜማው አልተቀበለውም፣ የኔታ።"

ሳቁ። "ማንም ቢጠይቅህ ይኸንኑ በል፤ እውነት ነውና።"

እስካሁን የጠየቀ የለም። አስተርጓሚው ቢናገር፣ ቃሉን የገጠመውም ያጨበጨበውም እሱ ነውና መጀመሪያ የሚያዘው ራሱ ነው። ነገን ግን ማን ያውቃል?

ለልመና ከክንፈ ጋር ወጣሁ። ያገኘነውንም ከሁሉም ጋር ባንድ ገበታ በላን። ስለ ጦርነቱ ማውራት ሲጀምሩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ክንፈ ደበሎውን ደርቦልኝ፣ ሌሎቹን "ቀስ በሉ፣ ይተኛበት" እያለ ይቆጣል።