ፍሬኑስ ይይዛል

ይህን የምትጽፈው ልጅሽ ሰብለ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የባልሽ ነው። ፊደል እንዳልቆጠርሁ ታውቂያለሽ፤ አላፈርሁበትም።

ጥሩዬ፣ ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ቀረው። ነገ ሙት ዓመትሽ ነው። እንዴት ነሽ አልልሽም፤ ከእኔ ሳትሻይ አትቀሪም።

ቤቱ ደህና ነው። የማንጎውን ቅርንጫፍ ቆረጥነው፤ ጣሪያውን እየጫረ አስቸገረን። ሰብለ ግሽ ዓባይ ሰፈር ያለውን ኪራይ ቤቷን ለቅቃ ከእኔ ጋር ገብታለች፤ እኔን ልትጠብቅ ነው እንጂ ቤት አጥታ አይደለም። ወደ ዓባይ ማዶ የምንሻገረው አሁን በአዲሱ ድልድይ ነው። ባጃጁ ግን እንዳለ ነው፤ ያለ ምልክት ፊትሽ ላይ ይታጠፋል። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

በአርባሽ ቀን መቃብርሽ ላይ ቆሜ ማልሁ። ለሙት ዓመቷ የንስሐ አባታችንን ከቤታቸው ድልድዩን አሻግሬ እዚህ የማመጣቸው በአሮጊቷ መኪናችን ነው፤ ከእኔ በቀር መሪዋን የሚጨብጥ የለም አልሁ። ሰው ሁሉ ሰማ። ማን አስማለኝ? አፌ ነዋ!

ፍሬኗን ታውቂዋለሽ፤ እንደ ዛሬ መኪና በዘይት አይሠራም፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ጎማዎቹን የሚይዛቸው በዘንግና በገመድ እየሳበ ነው። አንዱ ጠብቆ ሌላው ከላላ ወደ ጎን ትጎትታለች። እኔ ከሥር ተኝቼ ያዢ ስልሽ ትረግጪ፣ ልቀቂ ስልሽ ትለቂ ነበር። አንድ ቀን እግርሽን ፔዳሉ ላይ ረስተሽ ከጎረቤት ጋር ወሬ ጀመርሽ፤ እኔ ጎማው አልዞር ብሎኝ በመዶሻ ስደበድበው ዋልሁ። ያን ቀን የሰደብሁሽን ስድብ መልሼ ውጬዋለሁ።

ዘንድሮ የሚረግጥልኝ አጣሁ። ሰብለ ሥራ ትውላለች። ስለዚህ ዘነዘናሽን አምጥቼ በመቀመጫውና በፔዳሉ መካከል ወጠርሁት። ጎማዎቹን በክሪክ እያነሣሁ በእጄ አዞርሁ፤ አራቱም እኩል ያዙ። ኮራሁ። መኪናዋን አውጥቼ ስነዳትና ፔዳሉን ስረግጠው ግን ዝም ብላ ሄደች፤ ያቆማት የጎረቤት አጥር ነው። ጎማውን አፍኖ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ነው ብዬ ሸራውን ለወጥሁ። ገመዱ ነው ብዬ ገመዱን ለወጥሁ። በዘነዘና ይይዛል፤ በእኔ አይይዝም። እህል አልወርድ አለኝ። አባን ጭኜ ወደ ድልድዩ ስወርድ፣ ባጃጅ ፊቴ ጥልቅ ሲል ይታየኝ ጀመር።

ባለፈው ቅዳሜ ሰብለ እስቲ ልሞክራት አለች። እኔ ከጎኗ ተቀመጥሁ። አንዴ ረገጠችው፤ ግንባሬ መስታወቱን መታው። ፍሬኑ ደህና ነው፤ የደከመው እግሬ ነው። ይቺ መኪና የምትቆመው በረጋጯ ጉልበት ልክ ነው፤ ይህን ለስንቱ ያስተማርሁት እኔ ነበርሁ! ሰብለ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር። ጻፊው አልኋት።

መሐላውን ይፍቱኝ ብዬ አባ ዘንድ ሄድሁ። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኋቸው። ሳቁብኝ፤ የማልኸው ልታደርሰኝ ነው ወይስ ከሚስትህ አጠገብ ልታስቀብረኝ አሉኝ። ከዚያ ፈቱኝና አርባ ስግደት ቀኖና ሰጡኝ። ብድግ ብዬ ስወጣ አካሄዴን አዩና መልሰው ጠሩኝ፤ ስግደቱ ይቅር፣ አርባ አቡነ ዘበሰማያት ድገም አሉኝ። ጥሩዬ፣ ከአጥሩም ከግንባሬም ይልቅ ያመመኝ ይህ ነው።

ነገ ሰብለ ትነዳለች። እኔ ከጎኗ ሆኜ የእጅ ፍሬኑን እይዛለሁ፤ እሱን የሚቀማኝ የለም። ሰው እንደፈለገ ይሳቅ። ልቤ ግን አላረፈም፤ ልጅቷ ቁልቁለቱን በዚህች መኪና ወርዳው አታውቅም። የኋላ ግራውን ጎማ ጧት እንደገና ፈትቼ አየዋለሁ፤ አይታ ትቆጣ። አንቺን ግን እስትንፋሴ እስካለች አልረሳሽም። ዓመትሽ በመጣ ቁጥር፣ ሌላ ቢነዳም፣ ደግፈው ቢያወርዱኝም፣ እመጣለሁ።

በይ ሰብለ፣ አሁን አንብቢልኝ። እግሬ ደክሟል ያልሁበትን ዘለሽው እንደሆን አውቅብሻለሁ።