የወንድሜን ጡረታ በብርድ ላቆዩት ክቡር ኃላፊ

ከሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና

በታላቋ ብሪታንያ፣ ከአገር ውጭ የሚኖሩ ጡረተኞችን ዕጣ ለሚወስኑት ክቡር ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በሞቀ ቤት ውስጥ፣ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና የሆንኩት ጌታ ፈቅዶ ብቻ ሳይሆን እርስዎም ስለ ፈቀዱልኝ መሆኑን ዘግይቼ ስለ ተረዳሁ፣ ምስጋናዬን ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ስሜ ወንዳፍራሽ አምላኩ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደመቀ አምላኩ ይባላል። ሁለታችንም በወጣትነታችን ሎንዶን ገብተን፣ ከአንድ ጋራዥ የሚወጡ አውቶቡሶች እየነዳን፣ ጡረታ እስክንወጣ ድረስ የክቡርነትዎን ሕዝብ ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ቤቱ ስናመላልስ ኖርን። የለበስነው ደንብ ልብስ አንድ ነበር፤ ከደመወዛችን ለጡረታ የሚቆረጠውም እንደዚያው። መልካችን ስለሚመሳሰል ተሳፋሪዎች እኔን እሱ፣ እሱን እኔ እያሉ ይሳሳቱ ነበር። ክቡርነትዎ ግን አልተሳሳቱም፤ ለይተው አወቁን።

ጡረታ ስንወጣ ሁለታችንም ሚስቶቻችንን ቀብረን ስለ ነበር፣ የቀረን ልጆቻችንን መከተል ሆነ። ልዩ የምትባለው የእኔ ልጅ ዌስትውድ ውስጥ በፋርማሲስትነት ተቀጥራ ስለ ነበር እኔ ወደዚህ መጣሁ፤ የእሱ ልጅ ሣህሊቱ ካናዳ፣ ኤድመንተን ስለምትኖር እሱ ወደዚያ ሄደ። አባት ልጁ ወዳለችበት ሲሄድ አስቀድሞ እርስዎን ማማከር እንዳለበት የነገረን ሰው ስላልነበረ፣ ሳናማክርዎ በመሄዳችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ጭማሪው ነው። አገርዎ ከአሜሪካ ጋር ውል ስላላት፣ እዚህ ለምንኖረው በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የኑሮውን ውድነት አስባችሁ አበላችንን ከፍ ታደርጉልናላችሁ። ከካናዳ ጋር ግን ጭማሪን የሚመለከት ውል ስለሌላት፣ እዚያ የሚኖር ጡረተኛ በሄደ ጊዜ ይቀበለው የነበረው አበል ባለበት ይቆማል። የቤት ኪራይ፣ ዳቦና መብራት ግን ውል ስለማያውቁ መጨመራቸውን አልተዉም። እኔ ይህን ጨርሶ አላውቅም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደመቀ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ እዚሁ ፌርፋክስ ላይ ምሳ ስንበላ፣ ደስ ብሎኝ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ መቼም ጥሩ ጨመሩልን» አልኩት።

እጁ ትሪው ላይ ቆመ። «ለማን?» አለኝ።

«ለእኛ ነዋ።»

«ለእኔ ጨምረው አያውቁም፣ ወንዴ። ካናዳ ከገባሁ ጀምሮ አንዲት ፔኒ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ልጄ ስለ ልዩ ሥራ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን እያነሣ ወሬውን ለወጠው። ሒሳብ ሲመጣ ቀድሞኝ ከፈለ፤ እኔም ፊቱን አይቼ መከልከል ፈራሁ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሣህሊቱ ነው። ከዚያ ምሳ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የነርቭ በሽታ እግሮቿን ያዛት፤ ሥራዋን ለቀቀች፤ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የሚያዛውራት አባቷ ሆነ። እዚያ የኖረበት ዓመት ገና ስላልሞላ የካናዳውን ጡረታ አያገኝም፤ የእርስዎም በቆመበት ቆሟል። እዚህ መጥቶ ቢኖር የእሱም አበል ወዲያው እንደ እኔው እንደሚስተካከል ስሰማ፣ ስልክ ደውዬ፣ «ና፣ ክፍሌን እንካፈላለን» አልኩት። «ልጄን ማን ያገላብጣታል?» ብሎ ዘጋው። እንግዲህ አንድ አባት ከታመመች ልጁ አጠገብ ለመቀመጥ የሚከፍለውን ዋጋ፣ አንድም ዓመት ሳይዘነጉ ስላስከፈሉት፣ ስለ ጥንቃቄዎ ልናደንቅዎ ይገባል።

እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በስልክ አብረን እንጸልያለን። ባለፈው የበረዶ ወራት ሲጸልይ ድምፁ ይንቀጠቀጥ፣ ቃላቱም ይቆራረጡ ጀመር። እኔ መንፈስ ቅዱስ የነካው መስሎኝ፣ እዚህ በፀሐይ ተቀምጬ፣ «አሜን! አሜን!» እያልኩ አበረታታው ነበር። ከዚያ ሁለት እሑድ በተከታታይ ስልኩን አላነሣ ሲል፣ ልጄ ልዩ ትኬት ቆረጠችልኝና ሄድኩ።

በሩን የከፈተልኝ ከነካፖርቱ ነበር። ከውጭ የገባ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ካፖርቱን የሚያወልቀው ገላውን ሲታጠብ ብቻ ኖሯል። ሰላም ስንባባል የሁለታችንም ትንፋሽ ቤት ውስጥ እንደ ጭስ ታየ። የወጥ ቤቱን መስኮት በረዶ ከውስጥ በኩል ጋግሮታል። በየክፍሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ መብራት እንዳይቆጥር የሚበራው ግን አንድ ብቻ ነው። የሣህሊቱን ክፍል ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ዳሰሰኝ፤ እሷ በስስ ልብስ ተቀምጣ፣ «አጎቴ፣ አባዬን ተቆጣልኝ፤ ሙቀት አይስማማኝም እያለ እዚህ አብሮኝ አይቀመጥም፤ ሎንዶን ብርድ አስለምዶኛል ይላል» እያለች ሳቀች። ደመቀ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ዞሬ ሳየው ራሱን በዝግታ ነቀነቀ።

ወጥ ቤት ስንገባ፣ «ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ቀስ በል፣ ትሰማለች።»

«የእኔ ጭማሪ ያንተም ነው፤ በየወሩ እልክልሃለሁ።»

«ልጅህ ቤት ተጠግተህ እየኖርክ ለእኔ ልትመጸውተኝ? ተው፣ ወንዴ። ይኼ ብርድ ያልፋል።»

ብርዱ አላለፈም፤ እሱ ግን ሊያልፍ ነበር። በመጣሁ በጥቂት ቀን ውስጥ የሣህሊቱን ቁርስ ይዞ ወደ ክፍሏ ሲሄድ ኮሪደሩ ላይ ወደቀ። ሳህኑ ሲሰበር እሷ ከክፍሏ፣ «አባዬ? አባዬ!» ትላለች፤ መነሣት አትችልም፤ እኔ ደግሞ ተንበርክኬ ትንፋሹን እሰማለሁ፤ ደረቱ ውስጥ ውኃ የሚፈላ ይመስል ነበር። የሳንባ ምች ነው አሉን። አምቡላንስ የጠራነው እኛ፣ ያከሙትም ካናዳውያን ስለሆኑ፣ በዚህ ረገድ ክቡርነትዎን ያስቸገርንበት አንዳች ነገር እንደሌለ በደስታ አረጋግጣለሁ።

ሦስተኛ ብዬ መቁጠር የነበረብኝን ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ደመቀ ሆስፒታል ሳለ ሣህሊቱ፣ «ወንበሬን ግፋልኝ፣ ክፍሉን ልየው» አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ደጃፉን አልፋ ገብታ አታውቅም። ገፋኋት። ወንበሩ ላይ የተደራረቡትን ብርድ ልብሶች አየች፤ አልጋው ግድግዳ ስለሚነካ ብርዱን ሸሽቶ ወንበር ላይ ነበር የሚተኛው። እጇን ጠፍቶ በቀዘቀዘው ማሞቂያ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። አላለቀሰችም። «ይኼን ሁሉ ጊዜ እኔ ሞቆኝ ነበር» አለች። ያን ቀን የሰጠኋትን ምግብ አልነካችም።

ወንድሜ ተርፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሐኪሙ ግን እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ይህ ሳንባ እንዲህ ያለ ሌላ ብርድ አይችልም ብሎኛል። ደመቀ ገና ደረጃ መውጣት አቅቶት ግድግዳ ይዞ በሚራመድበት ሳምንት፣ የእኔ የዘንድሮ ጭማሪ በሰዓቱ ገባ። እግዜር ይስጥልኝ።

ዕቃዬን ልሰበስብ ወደ ሎስ አንጀለስ ስመለስ ልጄ ልዩ ኩሽና ውስጥ ቆማ ሞገተችኝ። «ዳዲ፣ ኦኬ፣ ገብቶኛል፣ አጎቴ ሄልፕ ያስፈልገዋል። ግን አንተ እዚያ ሙቭ ስታደርግ ያንተም ፔንሽን ፍሪዝ ይሆናል እኮ። ሶ ሁለታችሁም አብራችሁ ልትቸገሩ ነው?» በቤተ ክርስቲያናችን ያለችው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሶሊያናም፣ ለመነሻው ካናዳ በጎብኚነት ገብቼ ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት እንደምችል፣ ከቆየሁ ግን ግሪን ካርዴን ላጣ እንደምችል፣ ተመልሼም ከልጄ ጋር መኖር አስቸጋሪ እንደሚሆን አልደበቀችኝም። ለልዩ፣ «ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ እሱ ግን እዚያ ብቻውን ነው» አልኳት።  ከዚያ ቁልፏን አነሣችና፣ በዚያ ሙቀት፣ ወፍራም ካፖርት ልትገዛልኝ ድራይቭ አድርጋ ወሰደችኝ። በመንገዱ ሁሉ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

ስለዚህ፣ ክቡርነትዎ፣ የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ የአድራሻ ለውጥ ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ የምገኘው ኤድመንተን፣ ከወንድሜ ቤት ነው። በሕጉ መሠረት የእኔንም አበል ካለበት እንዳይነቃነቅ እንዲያደርጉልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ሁለት የቆሙ አበሎች ተደምረው የሁለተኛ ማሞቂያ መብራት ይከፍላሉ ብለን አስበናል፤ ለዘንድሮ ይበቃል፤ ለከርሞ አናውቅም።

እዚያ በረዶው የሚጀምረው በጥቅምት ነው። ሐኪሙ ያለኝን ለደመቀ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሣህሊቱ ግን ገና ከአሁኑ በሯን ክፍት አድርጋ መተኛት ጀምራለች፤ ሊዘጋው ሲመጣ፣ «ተወው፣ አባዬ» ትለዋለች አሉ።

ለከፍተኛ መሥሪያ ቤትዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣ መጪው ዘመን ለእርስዎና ለቤተሰብዎ የሙቀት እንዲሆን እየጸለይኩ፣

ታዛዥዎ
ወንዳፍራሽ አምላኩ
የቀድሞ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ለጥቂት ሳምንታት ገና የሚጨመርለት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለመመለስ ጊዜ ቢያጡ ከቶ አይጨነቁ። መልሱን የምንጠብቀው ሁለት ሽማግሌዎች ነን፤ ብዙ አንቆይም። ይህንንም መሥሪያ ቤትዎ ከእኛ ቀድሞ ሳያሰላው አልቀረም።