ሁለት ሚሊኒየም ያለፈው ጠርሙስ

ሰኔ 2 ቀን 2001 ዓ.ም.
ኧርቪንግ፣ ቴክሳስ

ይድረስ ለሐሴት አባት፣ ለጉግሻዬ፤

አዲስ አበባ ዝናቡ ሳይጀምር አይቀርም። ጉንፋን ቶሎ እንደሚይዝህ ስለማውቅ ከሁሉ በፊት ጤናህን እጠይቃለሁ። እኛ በሰውነታችን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤና ሹራቡን የምታደርስልህ አገሬ የምትባለው ጎረቤታችን ናት፤ እናቷን ልትጠይቅ ነው የምትመጣው። በስልክማ ቁም ነገር ስጀምር ሁልጊዜ መስመሩ ይቆረጥብሃል፤ ወረቀት አይቆረጥም።

ልጅህ ቅዳሜ ከሃይስኩል ተመረቀች። ሌላውንም ቶሎ ልንገርህና ይውጣልኝ፤ ሻምፓኙን ከፍተነዋል። ወረቀቱን ጥለህ እንደምትነሳ አውቃለሁ። ተቀመጥና ጨርሰው።

ያ ጠርሙስ ስንት ዘመን ከእኛ ጋር እንደኖረ ታስታውሳለህ? የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሊገባ ሲል፣ ፋርመርስ ብራንች ስንኖር ነው የገዛነው። ያን ሰሞን ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል፣ አውሮፕላን ይወድቃል ተብሎ ኤርፖርት የሚሠራ ሰው ሁሉ ግባ ተባለ፤ አንተም የሻትል አውቶቡስህን ስትነዳ በዓሉ አለፈህ። በማግስቱ እንክፈተው ስልህ «የፈረንጅ ሚሊኒየም ምናችን ነው? የእኛ ይመጣ የለ እንዴ!» አልከኝ። ሳቅሁ። እውነትም ሁለት ሚሊኒየም ያለው ሰው ምን ያስቸኩለዋል ብዬ ቡፌው ውስጥ ከሰርጋችን ብርጭቆዎች አጠገብ አቆምኩት። ወደ ኧርቪንግ ስንዛወር ልጅቷን ከፍራሹ ጋር ኋላ አስቀምጠህ፣ ጠርሙሱን ግን ፊት ወንበር ላይ በቀበቶ አስረህ እንዳመጣኸው አልረሳሁም።

የእኛም ሁለት ሺህ ደረሰ። አንተ ግን በዓሉን አዲስ አበባ ካላከበርኩ ብለህ ቲኬት ቆረጥክ። ለሁለት ሳምንት ነበር። ጠርሙሱን ሻንጣህ ውስጥ ልክተተው ስልህ «ተይው፣ ስመለስ ሦስታችን እንከፍተዋለን» አልክ። ሁለቱ ሳምንት ከወንድምህ ጋር ካፌ መክፈት ሆነ፤ ካፌው ደግሞ ፈቃድ መጠበቅ ሆነ፤ ይኸው ሁለተኛ ክረምትህ ገባ።

በደወልክ ቁጥር ታዲያ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ሻምፓኙ አለ?» ብለህ ነው። «አለ» እልሃለሁ። «እንዳትነኩት፣ እኔ ነኝ የምከፍተው» ትላለህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህን ስትል ደስ ይለኝ ነበር። ጠርሙሱ እስካለ ድረስ አንተም ትመጣለህ ብዬ ይዤዋለሁ። እንግዳ ስለ አንተ ሲጠይቀኝ እንኳ ወደ ቡፌው አሳይቼ «ይኸውላችሁ፣ የሚከፍተው እሱ ነው» እላለሁ።

ለፋሲካ ሐሴት ቡፌውን ስትወለውል «ማሚ፣ ይሄ እኮ ኤክስፓየር አድርጓል» አለችኝ።

«ወይን ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው» አልኳት።

«ኖ ማሚ፣ ኦንላይን አየሁት። እንደዚህ ቺፕ የሆነው አይቆይም።»

ተቆጣኋት። ለአንድ ጠርሙስ ያን ያህል መቆጣቴ እኔኑ ገረመኝ።

ነገሩ ሲከነክነኝ ግሬፕቫይን እኔ የምሠራበት ሆቴል፣ ባር ላይ የሚሠራውን ጥዑመልሳንን ጠየቅሁት፤ ፈረንጆቹ ቶሚ የሚሉትን። የት እንዳስቀመጥኩት ነገርኩት፤ ቡፌ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት፣ ኤሲው የተበላሸ ጊዜም በዚያ ሁሉ ሙቀት እዚያው። ሳቀብኝ።

«ፀዲ፣ ማለቴ፣ ካልተከፈተ አያሳምምሽም። ግን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ነበር የሚፈልገው። ደግሞ የሚቆየው ውዱ ነው እንጂ ይሄኛው በሁለት በሦስት ዓመት መጠጣት ነበረበት። ጋዙ ይሄዳል፣ ቀለሙ ይጠቁራል።»

«ታዲያ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ኦፕን አድርጊው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ሶ፣ ምንድነው የምትጠብቂው?»

ትሪዬን አንስቼ ወደ አዳራሹ ሄድኩ።

ለምርቃቷ እመጣለሁ ስትል ግን ይህን ሁሉ ረሳሁት። ሐሙስ እገባለሁ አልክ። ረቡዕ ዕለት ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ አስተኛሁት። አንሶላ ቀየርኩ፤ ፀጉሬንም ተሠራሁ። ሐሙስ ቀረህና ዓርብ ደወልክ። ያነሳችው ሐሴት ናት። «እሺ አባዬ… አለ… እሺ» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። አንተም ጉዳይህ እንዳላለቀ ነገርከኝ። ከዘጋን በኋላ «ምን አለሽ?» አልኳት።

«ሻምፓኙ አለ ወይ አለኝ።»

«ሌላስ?»

«በቃ። ያን ብቻ ነው።»

በማግስቱ የምትመረቅ ልጅ፣ ጉግሳ! እዚህ ላይ ነው የተናደድኩብህ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። አንዲት ሴትዮ መጥታ ሰው አለው ወይ ስትለኝ አለው አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ አንተ እንደሆንክ የዓለም ጥግ ነህ። የሐሴትን ስም አስተማሪው ሰባብሮ ነው የጠራው፤ እኔ ግን ብቻዬን እልልታዬን አቀለጥኩት፣ ፈረንጁ ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ። እሷ ቀና ብላ ተራመደች። አረማመዷ ቁርጥ አንተን ነው።

ቤት ገብተን ውሃ ልታወጣ ፍሪጁን ስትከፍት ጠርሙሱን አየችው። ለማን እንዳቀዘቀዝኩት ገብቷታል። «ማሚ፣ እኛ እንክፈተው?» አለች። እሺ አልኳት። ለመጠጥ ሃያ አንድ ዓመት አልሞላትም እንዳትለኝ፤ መጥተህ መከልከል ትችል ነበር።

በፎጣ ሸፍኜ፣ ፊቴን አዙሬ ቡሹን ጠመዘዝኩት። ይፈነዳል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር፤ እስ ብሎ ብቻ ወጣ። ቀለሙ ጠጅ ሆኗል፤ አረፋ የለውም፤ የቆየ ፖም ይሸታል። ሐሴት ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ሶ… ለዚህ ነው የጠበቅነው?» አለች። ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። ስንስቅ ስንስቅ እኔ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ፤ ልጄ አቀፈችኝና ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። እናት ማባበልን ከየት እንደተማረችው አላውቅም። ከዚያ ጠጣነው። ሻምፓኝ ነው አይባልም እንጂ ይጠጣል። ሁለታችንም አልታመምንም።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ነሐሴ ላይ ዴንተን ሄዳ ኮሌጅ ትገባለች። ከዚያ በፊት ደውልላትና ምን ልትማሪ ነው በላት። ከማን ጋር ልትኖሪ ነው፣ ምን ያሳስብሻል በላት። ወደ ስልኩ መምጣት እያስጠላት ነው፤ እኔ እየገፋሁ ነው የማመጣት፤ ከቤት ስትወጣ ደግሞ የሚገፋት የለም። ስለ ጠርሙሱ አትጠይቃት። እኔንም አትጠይቀኝ። ናፍቀኸኛል፤ ይህን አልደብቅህም። የምትመጣ ከሆነ ና፤ የማትመጣ ከሆነ ደግሞ አልመጣም በለኝ። እንደምንም ችዬ እሰማዋለሁ።

የጀመርከውን ያስጨርስህ። ከክፉ ሰውም ከክረምት ብርድም ይሰውርህ። የልጅህን ወግ ማዕረግ እንደ እኔ በዓይንህ ለማየት ያብቃህ። ሹራቡን ልበሰው።

ልረሳው ነበር። ሐሴት ባዶውን ጠርሙስ ልትጥለው ስትል ከእጇ ተቀበልኳት። ቡሹ ከመቆየት ብዛት ተኮማትሮ ስለነበር በቀላሉ ተመልሶ ገባ፤ ወርቃማ ወረቀቱንም መልሼ አለበስኩትና ቡፌው ውስጥ የድሮ ቦታው አቆምኩት። መስታወቱ ጥቁር አረንጓዴ ስለሆነ ለሚያየው ሰው ሙሉ ነው። የፊታችን እሑድ የሥላሴ ማኅበር እኔ ቤት ነው። አስካለማርያምን ታውቃት የለ፤ ቡፌው አጠገብ ተቀምጣ «ጉግሳ መቼ ነው የሚመጣው?» ማለቷ አይቀርም። እኔም እንደ ልማዴ ጠርሙሱን አሳያታለሁ። እንዳታነሳው ብቻ ነው የምፈራው።

ፀዳለህ